ፊልድ ወጥተዋል

የእንግሊዝኛ መምህር ሆኖ ጡረታ የወጣ ሰው ደብረ ታቦር ውስጥ ዕረፍት የለውም። መድኃኒት የገዛ ጎረቤት ብልቃጡን ይዞ ይመጣል፤ ዐረብ አገር ከርማ የተመለሰች ልጅ ስልኳ ላይ ያልገባትን ታሳየኛለች። በቀደም ዕለት እንኳ አንዱ የሸሚዙን አንገት ገልብጦ «እስቲ ምን ይላል?» አለኝ። በሙቅ ውሃ አይታጠብም ይላል አልኩት። ቅር አለው፤ ሌላ ነገር ጠብቆ ነበር መሰለኝ። እኔን የሚያስቸግረኝ ግን ከባዱ ቃል አይደለም። ከባድ ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ አርፎ ይቀመጣል፣ ስትፈልጉት ታገኙታላችሁ። የሚያስቸግረኝ ሰው ሁሉ የለመደው፣ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር የሚውለው ቀላሉ ቃል ነው።

«ፊልድ»ን ውሰዱ። ዕድሜዬን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ማሳ፣ መስክ፣ ሜዳ» እያልኩ አስተምሬዋለሁ። ዛሬ በገዛ ቤቴ አልታዘዝም ብሎኛል። ልጄን «ፊልድሽ ምንድን ነው?» ሲሏት «አካውንቲንግ» ትላለች፤ መስክ የለው፣ ሜዳ የለው። ፊዚክስ የሚያስተምረው ባሏ ደግሞ ፊልድ ማለት በማግኔት ዙሪያ ያለ፣ ዓይን የማያየው ነገር ግን ብረት የሚስብ ኃይል ነው ይለኛል። ኮምፒውተር ቤት የምትሠራው ልጅ ፎርም እየሞላችልኝ «ጋሼ፣ ይሄን ፊልድ ባዶ መተው አይቻልም» ስትለኝ፣ ጦም ያደረ መሬት ያለ መስሎኝ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ከሁሉም የባሰው ግን የመንግሥት ቢሮው ፊልድ ነው። እሱ የሚታወቀው በተዘጋ በር ነው።

አያ ታከለ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ጉና ግርጌ ገብስና ድንች ያርሳሉ። ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ጋቢያቸው በዝናብ እንደራሰ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘው ከቤቴ ደረሱ። ሲፈቱት የጠቆረ የድንች ቅጠል ነው።

«ከዳር ጀመረው፤ አሁን ወደ መኻል እየገባ ነው» አሉኝ። «ለከርሞ ያሰብሁት ዘርም እሱው ነው። እሱ ከሄደ የከርሞውም ሄደ።»

ድምፃቸው ከወትሮው አልተለወጠም። ያ ማሳ ግን የቤታቸው ጉሮሮ ነው። የድንች በሽታ የምታውቅ ባለሙያ ከተማ አለች ተብለው ወርደው፣ ቢሮው ሲደርሱ ዘበኛው «ፊልድ ወጥተዋል» ብሎ መልሷቸዋል። ወደ እኔ የመጡት ቃሉን ሊጠይቁ ነው።

«አንተየ፣ ፊልድ ምንድር ነው?»

«ማሳ ማለት ነው አያ።»

«ማሳ?» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ማሳማ እኛ ዘንድ ነው። እንግዲያ ወደ እኛው ወጥታለች ማለት ነዋ። ልመለስ።» ዱላቸውን አነሡ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ ሳቅሁ። ቃል አዋቂው እኔ አይደለሁ? «ይቀመጡ አያ፣ እሱ የመጽሐፉ ነው» አልኩና አስረዳኋቸው። በቢሮ ቋንቋ ፊልድ ማለት ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ የሚሰጥ ሥልጠና ሊሆን ይችላል፤ ስብሰባ ሊሆን ይችላል፤ የሐሙሲት ገበያ ሊሆን ይችላል፤ የአክስት ልጅ ሠርግም ሊሆን ይችላል። የልጄ ባል ከጎኔ ሆኖ «የማይታይ ሳቢ ኃይልም አለው፤ አበል ይባላል» ሲል አገዘኝ።

አያ ታከለ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አዩ። «ማሳ ነው ትለኛለህ፤ መልሰህ ማሳ አይደለም ትለኛለህ። እኔ የቱ ዘንድ ልሂድ?»

«የትም አይሂዱ። እዚህ ይደሩና ጠዋት ከበሯ ላይ እንይዛታለን።»

አደሩ። ጠዋት ባለሙያዋ በር ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጥን። አያ ታከለ ፌስታላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የተዘጋውን በር ያያሉ። እኔ ዘበኛውን የትኛው ፊልድ እንደሆነ ብጠይቀው ግራ ተጋባ። «ፊልድ አንድ አይደለም እንዴ?» አለኝ። አዘንኩለት። ከተማው ውስጥ ቃሉ አንድ ፍቺ ብቻ የቀረለት ሰው እሱ ነው ብዬ አሰብኩ።

ረፋዱ ላይ የአያ ታከለ ስልክ ጮኸ። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩ ናቸው። እነሱ ሰፈር ስልክ የሚሠራው ኮረብታው ላይ ሲወጡ ስለሆነ ያለከልካሉ፤ ከስልኩ ውጭ ሁሉ ይሰማል።

«ትናንት አንዲት ቦቲ ያጠለቀች ልጅ መጣች፣ ከግብርና ነኝ አለች። የበሽታውን ወሬ ሰምታ ከማሳ ማሳ ስትዞር ነው። ቅጠሉን ዛሬውኑ አጭዳችሁ ቅበሩት፣ ወደ ሥሩ ሳይወርድ አለችኝ። ባለቤቱ ሳያዝ በቆመ አዝመራ ላይ ማጭድ አላሳርፍም አልኋት። የት ሄዱ ብትለኝ…»

«ምን አልሻት?»

«ቢሮ ወጥተዋል አልኋታ።»

እትዬ ጥሩን ማን ይወቅሳል? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ነው፤ አባወራ ሳያዝ ያልደረሰ አዝመራ ማጨድ በዚያ አገር ነውር ነው። ልጅቱም እስኪመሽ ደጃቸው ላይ ተቀምጣ ጠብቃ፣ ቢጨንቃት ወደ ሌላው ማሳ ሄዳለች። ያን ጊዜ ማሳው ላይ መድረስ የሚችሉት አያ ታከለ እኔ ቤት ተቀምጠው የፊልድን ፍቺ ይሰሙ ነበር።

«እጨጂው» አሉ አያ ታከለ በስልኩ። ከዚያ ተነሥተው ጋቢያቸውን አጣፉ። እኔን አላዩኝም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ ነበር፤ በጣም አፈርኩ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይላሉ። ያዋቂው ሳሚ ምን እንደሚያደርግ ግን እስካሁን ተረት አልወጣለትም።

መስቀል ካለፈ በኋላ አያ ታከለ ግማሽ ጆንያ ድንች ይዘውልኝ መጡ። የማሳው ላይኛው በኩል ለዘር ያህል ተርፏል፤ የታችኛውን ግን በሽታው ባንዲት ሌሊት ቀደማቸው። የትኛዋ ሌሊት እንደሆነች አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ያን ዕለት አልጋውን ያነጠፍኩላቸው ራሴ ነኝ።

ባለቤቴ ጆንያውን እየተቀበለች «ምነው አያ፣ ለራስዎ ሳይተርፍ?» አለቻቸው።

«ከፊልድ ነው» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «የትኛው ፊልድ እንዳትለኝ ብቻ።»