ማሳወቂያ ጠባቂው ሙሽራ

ፕሮግራመር ጎረቤት አላችሁ? እኔ ቢቸና ላይ አንድ አለኝ፤ እግዜር ይጠብቃችሁ! ይህ ልጅ ሰማይና ምድር በ«ዲዛይን ፓተርን» ካልሄዱ ደስ አይለውም። ለተደጋጋሚ ችግር የተፈተነ የፕሮግራም አሠራር ማለት ነው አሉ።

ሚስት ሲፈልግ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሆኜ ሞጣ ሄድኩለት። የልጅቱ አባት እንደ ወጉ «እስቲ እንምከርበት፤ ተመለሱ» አሉን።

ቢቸና ተመልሼ ልጁን «መቼ እንመለስ?» ብዬ ብጠይቀው ጮኸብኝ።

«ጋሼ፣ ደጋግሞ መጠየቅ ኋላ ቀር ዲዛይን ነው! ኦብዘርቨር ፓተርን የሚባል አለ። አንዴ ተመዝግቦ መቀመጥ ነው፤ ለውጥ ሲኖር ማሳወቂያ ይመጣል።»

«ልጄ፣ ጎጃም ውስጥ የትኛው አባት ነው "ኑ ልጄን ውሰዱልኝ" ብሎ የሚደውል?»

«ተመዝግበናል አልኩ እኮ!»

ስልኩን ታቅፎ ተቀመጠ። የሌላ ጠያቂ ሽማግሌዎች ግን ሞጣ ደጅ ጠኑ፤ ተመለሱ ሲባሉ ተመለሱ፣ ደግመውም ተመለሱ።

ባለፈው እሑድ በሬን ሊገነጥለው ደረሰ። «ጋሼ! ሠራ! ከሞጣ ማሳወቂያ መጣ!»

ስልኩን ተቀብዬ አነበብኩ። የሠርግ ጥሪ ነው። ከሙሽራዋ ስም ጎን የዚያ የሌላው ጠያቂ ስም ተጽፏል።

እውነቱን ለመናገር ግን፣ ኦብዘርቨሩ ሠርቷል።