ግማሽ ምርቃት

የበደለኝ ሰው ናትናኤል ይባላል። ስሙን የምደብቅበት ምክንያት የለኝም። ወሬው ቢደርሰው ደግሞ ደስታዬ ነው፤ ቤቴን ያውቀዋል፣ ይምጣና ይጠይቀኝ።

ልጁ መልኩ ደህና ነው። ሮምሶስ የሚባል የኦስሎ ሰፈር ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውን እናቱ በቁጣ ያስተማረችው፣ ኮሌጅ የሚማር ልጅ ነው። ምን እንደሚማር ሁለት ጊዜ ነግሮኝ ሁለቱንም ጊዜ አልገባኝም። ዋናው ሥራው ግን ሊቀመንበርነት ነው። የማን ሊቀመንበር? እሱን ለማስረዳት ትንሽ ትዕግሥት ያስፈልጋችኋል። እኔንም አስፈልጎኝ ነበር።

እዚህ ኦስሎ እያንዳንዱ ኮሌጅ ውስጥ የሐበሻ ተማሪዎች ማኅበር አለ። እያንዳንዱ ማኅበር ሊቀመንበር፣ ምክትልና ጸሐፊ አለው። ማኅበራቱ ደግሞ ተሰብስበው አንድ ምክር ቤት አቋቋሙ። ምክር ቤቱም በተራው ሊቀመንበር፣ ምክትልና ጸሐፊ አለው። ናትናኤል የዚህ የላይኛው ሊቀመንበር ነው፣ የልጅ ልጄ ሐያት ደግሞ ጸሐፊዋ ናት። አንድ ቀን፣ “ለመሆኑ ተራ አባል የሚባል ሰው አላችሁ ወይ?” ብዬ ጠየቅኳት። አሰብ አደረገችና፣ “አንድ ልጅ ነበረ፣ እሱንም ባለፈው ተቆጣጣሪ አደረግነው” አለችኝ።

ይህ ሁሉ ሹመት አልበቃ ብሎ የመሪነት ሥልጠና የሚባል ኩርስ መጣ። ቅዳሜና እሑድ፣ ለምክር ቤቱ ሹማምንት ብቻ። እኔ ወዲያው ጠረጠርኩ። በዕድሜዬ መሪ የሚባል ብዙ አይቻለሁ፣ አንዱም ኩርስ ገብቶ የመጣ አልነበረም። ምናልባት ችግሩ እሱ ይሆናል፣ አላውቅም። ግን ለምን ሁለት ቀን? ለምን መጋረጃ ተዘግቶ? ለምንስ እኔ ሰፈር አመሩድ ድረስ መጥተው፣ እኛ ሕንጻ ሥር ባለው አዳራሽ?

የመጨረሻውን ጥያቄ ሐያት መለሰችልኝ። አንድ ማታ መጥታ ሳልጠይቃት እግሬን ማሸት ጀመረች። ያለ ነገር እግር የሚያሽ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ጠበቅኳት። አዳራሹ ለነዋሪ በነጻ ነው፣ ነዋሪዋ እኔ ነኝ፣ ቁልፉም የሚወጣው በእኔ ስም ነው። “እምዬ፣ ቁልፉን አውጪልን። ደግሞ ሥልጠናውን በምርቃት ክፈችልን” አለችኝ።

ቁልፉን እንኳ እንቢ ልላት ነበር። ምርቃት ስትል ግን ልቤ ሸብረክ አለ። እኔ የወሎ ሰው ነኝ። እኛ ጋ ያለ ዱዓ የሚጀመር ነገር የለም፤ ሰርግ ቢሆን፣ እርቅ ቢሆን፣ መንገድ ቢሆን። ፊደሉን በወጉ ባልማርም ምርቃቱን ከእናቴ ተምሬዋለሁ። “መጀመሪያ ክፉውን በስሙ እየጠራሽ አስወጪ፣ በሩን ዝጊ፣ ከዚያ ደጉን ተረጋግተሽ አስገቢ” ትለኝ ነበር። እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ክፉው በዛብኝ እንጂ ሥርዓቱን አልለወጥኩም። እናቴ በረዶ ላይ ተንሸራትቶ መውደቅን አታውቅም ነበር። ብቻን ቤት ዘግቶ መዋልንም አታውቅም። እኔ ሁለቱንም ጨምሬያለሁ። ረዘመ የሚለኝ ሰው ክፉውን ይቀንስልኝ።

ሌላም ነገር ነበረኝ። ሐያት ሰኔ ላይ ትምህርቷን ትጨርሳለች። ምክር ቤቱ ለሚጨርሱት ልጆች ኦከርን ሰፈር ትልቅ አዳራሽ ይዞ ድግስ ያዘጋጃል። እዚያ መድረክ ላይ ቆሜ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ያቺን ልጅ መመረቅ እፈልጋለሁ። በዚህ ዓለም ላይ የቀረኝ ጉዳይ እሱ ነው። እና ቅዳሜን እንደ መፈተኛ ቆጠርኩት። እንዳማረልኝ ካዩ፣ ለሰኔውም ሌላ ሰው አይፈልጉም።

ቅዳሜ አረንጓዴ ሻሼን አሥሬ ወረድኩ። ሹማምንቱ በካልሲ ብቻ መሬት ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ግድግዳው በቢጫ ወረቀት ተለጣጥፏል። አሠልጣኟ ሳቂታ የኖርዌይ ልጅ ናት። አንዷ ልጅ መካከል ቆማ ዓይኗን ጨፍና ወደ ኋላ ትወድቃለች፣ ሌሎቹ ይይዟታል። እኔ ደንግጬ ልሮጥ ስል ሐያት ያዘችኝ። “መተማመን እየተለማመድን ነው” አለች። እንዴት ነው ነገሩ? ቆሞ ሲሄድ ያላመኑትን ሰው ሲወድቅ ቢይዙት ምን ይጠቅማል? ደግሞስ የማይተማመኑ ከሆነ ማን ተማምኖ መረጣቸው? ይህን ለራሴ ነው ያልኩት። ለምርቃት የመጣ ሰው አፉን ማበላሸት የለበትም።

“እጃችሁን ዘርጉ” አልኳቸው። ዘረጉ። አሠልጣኟም አይታቸው ዘረጋች። ከክፉ ሰው፣ ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ አልኩ። ግማሹ አሚን፣ ግማሹ አሜን አለ። ከሐሜት፣ ከቅናት፣ ከመንገድ አደጋ አልኩ። ከበረዶው አልኩ። በሰው አገር ታሞ ጠያቂ ከማጣት ይጠብቃችሁ ስል አንዷ ልጅ አይኗን ጠረገች፣ አየኋት። ክፉውን አስወጥቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ትንፋሼን ሰብስቤ ደጉን ላስገባ አፌን ስከፍት፣ ቲንግ።

ናትናኤል ነው። ሆቴል መቀበያ ላይ እንደሚቀመጠው ዓይነት፣ በመዳፍ የሚመታ ትንሽ ደወል ይዟል። “ሁለት ደቂቃ አለቀ፣ እማማ። ታክ” አለኝ። በኖርዌይኛ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው።

እጆቹ ሁሉ አየር ላይ ቀሩ። ማውረድ እንዳለበት እንደሌለበት ማንም አያውቅም። አንዱ ልጅ ግራ እጁን አወረደና ቀኙን ተወው። አሠልጣኟ ምስኪን የሥርዓቱ ክፍል መስሏት መዳፏን እንደዘረጋች ፈገግ ትላለች። እኔ ሻሼን አስተካክዬ ወጣሁ።

ኮሪደር ላይ ተከትሎኝ መጣ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ መስሎኝ ቆምኩለት። “እማማ፣ ድምፅሽ በጣም ደስ ይላል” አለ። አንቺ ማለቱን ልብ በሉልኝ። “ግን በጣም ረጅም ነው፣ ሰው ይሰለቻል። ሻሽሽ ደግሞ በጣም ያምራል።” ብሎ ተመለሰ።

ይህን ነገር አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ የሕንጻችን ማኅበር ኃላፊ ቤቴ መጥቶ የበረንዳዬን አበቦች አንድ ባንድ አደነቀ። ደስ ብሎኝ ሻይ ቀዳሁለት። ሻዩን ጠጥቶ ሲያበቃ፣ የቴሌቪዥን ዲሼን ከበረንዳው ላይ አውርጂ አለኝ። ሲወጣ ደግሞ ምንጣፌን አደነቀ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው አበባዬን ካደነቀ፣ ምን ሊወስድብኝ ነው ብዬ ዙሪያዬን አያለሁ።

ማታ ሐያት መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ “እምዬ፣ ዛሬ እንዴት አምሮብሽ እንደነበር” አለችኝ።

“መሐሉን አምጪው” አልኳት።

“የምን መሐል?”

“ከሁለቱ ሙገሳ መሐል ያለውን። ሁለተኛውን ሙገሳ ለራስሽ ያዢው።”

ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ጠፋ። ነገሩ ቲልባከሜልዲንግ ይባላል አለች። አስተያየት አሰጣጥ መሆኑ ነው። መሪ የሆነ ሰው መጀመሪያ ያመሰግናል፣ መካከል ላይ ጥፋቱን ይናገራል፣ በምስጋና ይዘጋል። ለካስ ይህንንም ያስተምሩታል። ከዚያ መሐሉን አወጣችው። ምክር ቤቱ የሰኔው ምርቃት ተቀርጾ በቪዲዮ እንዲታይ ወስኗል። ናትናኤል ነው ያመጣው ሐሳቡን። ቪዲዮ ርዝመቱ አስቀድሞ ይታወቃል።

“በቪዲዮ ይመረቃል? እጁን ለስክሪን የሚዘረጋ ማነው?” አልኳት።

ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር መፍታት ጀመረች። ነገሯ አላማረኝም። “ሌላ ምን አለ?” አልኩ።

“ደወሉ የእኔ ነው” አለች። “እኔ ነኝ ገዝቼ ለናቲ የሰጠሁት። ባለፈው ኢድ ስትመርቂ ምግቡ ሁሉ ቀዘቀዘ። ልጆቹ እስከ ዛሬ ያወሩታል። ሰው እንዳይስቅብሽ ብዬ ነው፣ እምዬ።”

አያችሁ፣ እኔ የምጠረጥረው በሮምሶሱ ልጅ በኩል ነበር። ደወሉ የመጣው እግሬን ከምታሽልኝ ልጅ ነው።

“ሰኔ ላይ ማን እንዲመርቅሽ ትፈልጊያለሽ?” አልኳት።

“አንቺ” አለች። “ግን ድምፅ ሲሰጥ የተቃወምኩት ብቻዬን ነበርኩ።”

እራቷን አቀረብኩላት። ደግ ሰው ሆኜ አይደለም፣ ሳስብ እጄ ሥራ ይፈልጋል።

በነጋታው እሑድ ከሁሉም ቀድሜ ወረድኩ። ቁልፉ እኔ ጋ አይደል? አዳራሹን ከፍቼ የአሠልጣኟ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ደወሉ ጠረጴዛው ላይ አድሯል። ሳብ አድርጌ ፊቴ አስቀመጥኩት። ሹማምንቱ ካልሲያቸውን እየጎተቱ ገቡ፣ አዩኝ፣ ተያዩ።

“ናትናኤል፣ ቲልባከሜልዲንግ አለኝ” አልኩት። አሠልጣኟ ያቺን ቃል ስትሰማ ፊቷ በራ። “ቁመትህ ያምራል። ትናንት ትልቅ ሰው ሲመርቅ አቋርጠሃል፣ ይህ ብልግና ነው፣ እናትህ ብትሰማ ታፍራለች። ካልሲህም ያምራል።”

አንገቱን ደፋ። “እሺ፣ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ” አለ። እርስዎ ማለቱ ነው፤ ለካስ ያውቅበታል።

“እጃችሁን ዘርጉ፣ ትናንት ደጁ ላይ ቆሞ ያደረው ደጉ ነው፣ እሱን ላስገባላችሁ” አልኳቸው። ዘረጉ። የጀመራችሁት ይሙላላችሁ አልኩ። ስትናገሩ የምትደመጡ፣ ስትወድቁ የሚያነሳ የማታጡ ሁኑ አልኩ። ወላጆቻችሁ እናንተን አይተው የስደታቸውን ድካም ይርሱት አልኩ። አሚንና አሜኑ እየጎላ መጣ። ናትናኤል አይኑን ጨፍኗል። አሠልጣኟ የማታውቀውን አሜን ከሁሉም አስበልጣ ትላለች። ከዚያ ወደ ሐያት ዞርኩ።

“አንቺ ልጄ፣ የትምህርትሽን ፍሬ ይዘሽ እዚያ መድረክ ላይ ስትወጪ…” አልኩና ቆም አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ አዘነበሉ። የማንም ጣት አልተንቀሳቀሰም።

ደወሉን በመዳፌ መታሁት።

“ሁለት ደቂቃ አለቀ” አልኳቸው። “የቀረው ሰኔ ላይ፣ ኦከርን፣ መድረኩ ላይ ነው። ታክ።” እጃቸውን እንደዘረጉ ትቻቸው፣ ደወሉን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።