ትርፍ የማያሳድሩት ጋሽ አራጣ

ሰው ተጠጋግቶ በሚኖርበት ቦታ ሁሉ፣ ስለ ሌላው ኪስ ከባለኪሱ በላይ የሚንገበገብ አንድ ሰው አይጠፋም። ውሃ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ ተከራይ ይለዋወጣል፤ ይህ ሰው ግን ደረጃው ላይ ቆሞ፣ የያዝከውን ፌስታል አይቶ፣ ስንት እንደገዛኸው ይጠይቅሃል። ስትነግረው ደግሞ የተዘረፈው እሱ ይመስል ጭንቅላቱን ይይዛል። አንዲት ልብስ ሰፊ ለምትኖርበት ሕንፃ የደረሱት ጋሽ አራጣ ነበሩ።

ስማቸውን ለሰማ እንግዳ ሰውዬው አራጣ አበዳሪ ይመስሉታል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ቃሉ ከአፋቸው ስለማይለይ ነው። ሐኪም ለአንድ ጉንፋን ክኒን ሲደራርብባቸው፣ “ይሄማ አራጣ ነው” ይላሉ። አከራይ ለደረጃው አምፖል ሲያስከፍል አራጣ ነው። የታችኛው ፎቅ ሕፃን አንድ ጉንጯን ተስማ ሌላውን ስታቀርብላቸውም፣ “አንቺ ደግሞ ገና በወተት ጥርስሽ አራጣ ጀመርሽ?” ይሉና ጎንበስ ብለው ይከፍላሉ።

ክቡርነታቸው በሥራ ዘመናቸው ሚዛን ጠጋኝ ነበሩ። ከገበያ ገበያ እየዞሩ የተንጋደደ ሚዛን ሲያቃኑ ኖረው ጡረታ ቢወጡም፣ እጃቸው እንጂ ዓይናቸው ጡረታ አልወጣም። የአራጣን ትርጉም ለጠየቃቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው። ወለድ ማለት ገንዘብ አርግዞ፣ ወሩን ጠብቆ ሲወልድ ነው፤ አራጣ ማለት ግን ሳያረግዝ በየሳምንቱ መንታ ሲገላገል ነው። ጠያቂው ስቆ ሳይጨርስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጨምራሉ፦ “ምልክቱን ልንገርህ። የሚቀበለው ሰው በስሙ አይጠራውም።”

እሳቸው ራሳቸው የማያበድሩት ነገር የለም። መሰላል፣ መዶሻ፣ ካውያ፣ ዱቄት፣ ስኳር፣ ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣሉ። አሰጣጣቸው ግን እንደ ሌላ ሰው አይደለም። ኩባያውን በስኳር ይሞሉና አፉን በቢላዋ ጀርባ ድልድል ያደርጉታል። ተበዳሪው ይሉኝታ ይዞት ቆልሎ የመለሰ እንደሆነ ያችው ቢላዋ ትወጣለች። ከኩባያው አፍ በላይ ያለው ይጠረግና፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ባለቤቱ እጅ ላይ ይቀመጣል። “ትርፍ በቤቴ አያድርም” ይላሉ፤ ጎረቤትም የራሱን ስኳር ይዞ እንደ ተቀጣ ተማሪ ይወርዳል።

አንድ ጊዜ አንዲት አስተማሪ ጎረቤታቸው ካውያቸውን ተውሳ፣ ገመዱ ተልጦ ስታየው ደነገጠችና አዲስ አስገጥማ መለሰች። ጋሽ አራጣ አመስግነው ተቀበሏት፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ካውያውን ፈትተው አዲሱን ገመድ አወጡና ጠቅልለው ሰጧት። አሮጌው ግን ከቆሻሻ ጋር ሄዷል። ሌላ ገመድ እስኪገዙ ድረስ በተጨማደደ ሸሚዝ ሲወጡ ሲገቡ ከረሙ፤ ላያቸው ሁሉ ግን ኩራታቸው ከተተኮሰ ሸሚዝ በላይ ቀጥ ያለ ነበር።

የማያውሱት አንድ ነገር ብቻ ነበር። በመስኮቱ ሥር፣ ጥልፍ ጨርቅ ለብሳ የምትቀመጠው የሟች ባለቤታቸው የስፌት መኪና፣ በእግር የምትረገጠው። ስለ እሷ የጠየቀ ሰው ቢኖር ጋሽ አራጣ ያን ጊዜ ጆሯቸው አይሰማም። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስለምታውቅ ጠይቃቸው አታውቅም። ቤቷ ከቤታቸው በአንድ ስስ ግድግዳ የተለየ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚጮኸውን ሬዲዮናቸውን ከእሳቸው እኩል ትሰማለች።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የልብስ ሰፊዋ መኪና ሞተሩ ተቃጠለ። የተማሪዎቹ የደንብ ልብስ ገና ግማሹ ተቆርጦ ተቀምጧል። በጊዜው ካላስረከበች ሥራው ለሌላ ይሰጣል፤ የቤት ኪራይዋ ደግሞ የሚወጣው ከዚያው ሥራ ነው። ምድር ቤት ያለው ባለሱቅ ችግሯን ሰምቶ ራሱ ጠራት። ለሞተሩ የሚሆነውን እንደሚሰጣት፣ እስክትመልስ በየሳምንቱ “የምታመሰግኚኝን” ብታመሰግነው እንደሚበቃው ነገራት። ምስጋናው ስንት እንደሆነ ሲነግራት ድምፁ እንደ ማር ነበር። አንድ ሳምንት ቢያልፋት መኪናዋ የእሱ እንደምትሆን የጨመረውም እየሳቀ ነው። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ የሚባለው ለዚህ ነው።

ወደ ቤቷ ስትወጣ ጋሽ አራጣን ደረጃው ላይ አገኘቻቸው። ፌስታል ባትይዝም ፊቷን አይተው ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። እንደ ልማዳቸው እሳት ለብሰው እሳት ጎርሰው ይጮኻሉ ብላ ስትጠብቅ፣ ዝግ ብለው ጠየቁ።

“ምን ብሎ ጠራው?”

“ምስጋና።”

ጋሽ አራጣ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። በጎልማሳነታቸው እሳቸውም ታመው ከአንድ ሰው ተበድረው እንደነበር፣ ሰውዬው “መተጋገዝ” እንዳለው፣ የሚስታቸውንም መኪና በመያዣ እንደወሰደ አወጉላት። ከፍለው ለማስመለስ ዓመት ፈጀባቸው።

“ገንዘቡን ረሳሁት” አሉ። “ቤቱ ውስጥ የነበረውን ዝምታ ግን አልረሳሁትም። ባለቤቴ እጇ ሥራ ሲፈታ አፏም አብሮ ይዘጋ ነበር።”

ከዚያ ተነሥተው ቤታቸው ገቡ። ልብስ ሰፊዋም ገብታ፣ የባለሱቁን ምስጋና ከኪራዩ ጋር ስታደምር፣ ስትቀንስ፣ አልገጥም ሲላት አመሸች።

ጠዋት በሯ ተንኳኳ። የላይኛው ፎቅ ሾፌር በአንድ ወገን፣ ጋሽ አራጣ በሌላ ወገን፣ ያችን መኪና ተሸክመው ላባቸው ጠብ ይላል።

“ያንቺ እስክትጠገን ነው” አሉ ጋሽ አራጣ። “እንዳለች ትመለሳለች። ጥልፉን ግን አላውስም።”

መኪናዋ መጀመሪያ አንገራገረች፤ ከዚያ ጉልበቷ ተፈታና ቱክ ቱክ ቱክ ትል ጀመር። ልብስ ሰፊዋ ጥቂት ከሰፋች በኋላ አንድ ነገር እንደጎደለ ተሰማት። ሬዲዮው ዝም ብሏል። ክር ልትቀይር እግሯን ስታነሣ ዜና አንባቢው ከወዲያ ማዶ ተመለሰ። ስትረግጥ ጠፋ። ጠርጥራ፣ ያለ ክር ያለ ጨርቅ ረገጥ አደረገችና አቆመች። ዜና አንባቢው አንድ ቃል ተናግሮ፣ ድጋሚ ስትረግጥ አፉን ያዘ። ሳቋን በመዳፏ አፈነች። ከዚያ ወዲያ ግን፣ ጨርቅ ስትቆርጥ እንኳ ቶሎ ቶሎ ትቆርጥ ነበር።

ልብሱን በጊዜው ሰፍታ ለትምህርት ቤቱ አስረከበች። በክፍያው አዲስ ሞተር ገዛች፤ ባለሱቁም ያለ እሷ ምስጋና ቀረ። የጋሽ አራጣን መኪና ስትመልስ እሳቸው መነጽር አድርገው፣ ተንበርክከው፣ እስከ ሥሯ መረመሯት። ጣታቸውን አሻሽተው ቀና አሉ።

“ይሄ ዘይት የኔ አይደለም።”

“በቢላዋ ልጥረገው ጋሽዬ?”

ጣታቸውን ብቻ ጠርገው ጥልፉን አለበሷት።

የልብስ ሰፊዋ ሞተር አዲስ ነውና ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። ከግድግዳው ወዲያ ሬዲዮው ዜናውን፣ ማስታወቂያውን፣ የአየር ጠባዩን ሳያቋርጥ ያወራል። ምሳ እስክትበላ ታገሠች። ከዚያ ጫፉ ያልታጠፈ ሱሪ ብብቷ ሥር ሸጉጣ ሄደች፤ አንኳኳች። የእሷ መኪና ወፍራም ጨርቅ እንደማትችል፣ አንዲት ሱሪ ብቻ እዚህ አጥፋ እንደምትሄድ ነገረቻቸው። ሰውዬው በሕይወታቸው ሙሉ የተንጋደደ ሚዛን ሲያዩ የኖሩ ናቸውና ሱሪውን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። ስስ ነው።

“ብድሩ አልቋል እኮ” አሉ። “እንዳለች መልሰሻታል።”

“አዎ፣ አልቋል።”

“ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?”

“አራጣ ነዋ።”

ጋሽ አራጣ ሱሪውን አዩ፤ መኪናዋን አዩ። ኩባያ ቢሆን ቢላዋ ያነሡለት ነበር። ሄደው ሬዲዮውን አጠፉ፤ ጥልፉን ገልጠው አጣጠፉት፤ ወንበራቸውንም ወደ መስኮቱ ጠጋ አደረጉ።

“እንደሱ አይባልም ልጄ” አሉ ወደ ውጭ እያዩ። “ምስጋና በይው።”

ልብስ ሰፊዋ በማግሥቱ ሌላ ስስ ሱሪ ይዛ ስትመጣ፣ ቤቱ እንደ ወትሮው ተጠርጎ ተወልውሏል። መኪናዋ ሥር ግን፣ ትናንት የጣለቻቸው የክር ቁርጥራጮች ማንም ሳይነካቸው አድረው ጠበቋት።