የዝምታው ሹም

ዝም አሰኚ የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። አልገጠመኝም የምትሉ ካላችሁ፣ ምናልባት ዝም አሰኚው እናንተው ናችሁ።

ክቡር ጋሼ ቢሆነኝ በቤኤር ቱቪያ አንድ የምግብ መጋዘን ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነበሩ። የመኪናቸው የቀበቶ ማስጠንቀቂያ እንዳይጮህባቸው ዘለበቱን ወንበሩ ባዶ ሳለ ይቆልፉና በላዩ ይቀመጣሉ። ቂርያት ማላኪ ከተማ የሚኖሩበት ሕንፃ የዋትሳፕ ቡድንማ ድምፁ ከተዘጋ ቆየ፤ አሳንሰሩ መበላሸቱን የሚያውቁት ውስጡ ሲቀሩ ነው።

«ጤነኛ ማሽን አይለፈልፍም» ይላሉ።

አብራቸው የምትሠራው ወጣቷ ሲቫን ግን ስጋት ነበራት። ለየከተማው ጭነት የሚያዝዘው ፕሮግራም ሲነሣ፣ ፋይል ከፈትኩ፣ ፋይል ዘጋሁ፣ የያቭኔን ጭነት ላክሁ እያለ ስክሪኑን በጽሑፍ ያጥለቀልቀዋል። ጋሼ ቢሆነኝ ፕሮግራሙን በሚያስነሣው ትእዛዝ ጫፍ አጭር ኮድ ቀጠሉና የሚወጣው ጽሑፍ ሁሉ የትም ሳይቀመጥ ወደ ባዶ እንዲደፋ አደረጉ። ስክሪኑ ጸዳ።

«ጋሼ፣ የስህተት መልእክቱም እኮ አብሮ ተደፋ» አለች ሲቫን።

«ስህተት ካለ ሰው ይደውላል። ያላ፣ በይ ወደ ሥራሽ!»

ሰው ደወለ። የአይሁድ ፋሲካ ዋዜማ ጠዋት፣ የገዴራ ከተማው ሱቅ ኃላፊ ጠጅቱ ናት። «ሕዝቡ በር ላይ ቆሟል፤ የበዓሉ ቂጣ የታለ? ዛሬ ማታ በምን ሊያከብር ነው?»

ፕሮግራሙ «ገዴራ አልተላከም» ብሎ ነበር። የሰማው ግን የለም።

ጋሼ ቢሆነኝ እጅ አጣጥፈው የሚቀመጡ ሰው አይደሉም፤ ሾፌሩን ካሣዬን አስጠሩ፣ ካርቶኑን ራሳቸው ተሸክመው ጫኑ፣ አብረውትም ገዴራ ሄዱ። ቂጣው ከቀትር በፊት ደረሰ።

ሲቫን እስከዚያው፣ ፈቃድ ሳትጠይቅ፣ የፕሮግራሙን ተራ ወሬ ወደ ፋይል፣ ስህተቱን ብቻ ወደ ስክሪን መራችው። ጋሼ ተመልሰው አዩት።

«ቤሰደር፣ መልካም» አሉ። «ቁም ነገር ያለው ይናገር።»

በሳምንቱ ዘዴውን ለሠራተኛው ሁሉ እንደ ራሳቸው ፈጠራ ሲያስረዱ፣ ሲቫን ሳቋን ዋጠች።

በዓመቱ ሲቫን ያቭኔ ከተማ የተሻለ ሥራ አገኘችና ሄደች። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ጋሼ ቢሆነኝ ደወሉ።

«ምን ተበላሸ፣ ጋሼ?»

«ምንም። ስክሪኑ ንጹሕ ነው።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ክፍሉ ነው ጭር ያለብኝ። እስኪ ትንሽ አውሪልኝ፣ ልጄ።»

ሲቫን የቢሮዋን በር ዘጋችና፣ የምሳ ሰዓቷ እስኪያልቅ አወራችላቸው። አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጧትም።