የኔታ ቤት ጭስ የለም

የምትወዱት ሰው ደህና ማደሩን በምን ታውቃላችሁ? እንደምገምተው ገና ከአልጋ ሳትወርዱ ስልካችሁን ታነሱና ሰውየው መቼ እንደታየ ትመለከታላችሁ። ቅድም ታይቶ ከሆነ ደህና አድሯል ማለት ነው፤ ሰላምታ እንኳ ሳትልኩለት ስልኩን አስቀምጣችሁ ወደ ጉዳያችሁ ትሄዳላችሁ። ከትናንት ወዲህ ካልታየ ግን ልባችሁ ስጋት ስጋት ይለዋል። አልወቅሳችሁም፤ እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው።

ጋይንት ውስጥ ግን ይህ ነገር ስልክ ከመምጣቱ በፊትም ነበረ። መንደሮቻችን ሸለቆ መሃል አድርገው ፊት ለፊት የተፋጠጡ ናቸው። ከዚህ ማዶ ቆማችሁ የወዲያ ማዶ ጎረቤታችሁን በስሙ ጠርታችሁ መስደብ ትችላላችሁ፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ግን ገደሉን ወርዳችሁ ዳገቱን መውጣት አለባችሁ፤ ስለዚህ ይቅርታውም ብዙ ጊዜ በጩኸት ነው የሚላከው። ታዲያ ሰዉ ማለዳ ደጅ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው የማዶውን ጣራ ነው። ከሳር ክዳኑ ጭስ ሲወጣ ካየ «እሰይ፣ ተነስተዋል» ይልና በሬውን እየነዳ ይሄዳል። ጭሱ ቀጠን ካለ ውሃ ተጥዷል፤ ወፈር ካለ እንግዳ አድሯል፤ ረፋዱን አልፎም ካልቆመ ድግስ አለና ልብስ ማጠብ ያስፈልጋል። ይህን ማንም ለማንም አላስተማረውም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ የማወራችሁ እኔ ጭስ አጥፊ ስለሆንኩ ነው።

እዚያው ጋይንት ከሚገኙት ወረዳዎች በአንዱ የኢነርጂ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬን ለእናቴ ለማስረዳት ብዙ ደክሜያለሁ። ዛሬም ለሰው ስታስተዋውቀኝ «ልጄ መብራት ያስገባል» ትላለች፤ ሰዉም «እኛ ቤት መቼ ነው የምታስገባው?» እያለ ያፋጥጠኛል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ከላይ መመሪያ ይወርዳል። ክልል ላይ ሲነሳ «የኢነርጂ አጠቃቀም ብቃትን ማሻሻል» ይባላል። ዞን ሲደርስ «የማገዶ ፍጆታን መቀነስ» ይሆናል። ወረዳ ሲደርስ «ማገዶ ቆጣቢ ምድጃን ማስፋፋት» ይባላል። ቀበሌ ሲደርስ «ሰውየው ጭቃ ይዞ መጥቷል» ይሆናል።

ሰውየው እኔ ነኝ።

በነገራችን ላይ ምድጃው ጥሩ ነገር ነው፤ ስለ እሱ አልቀልድም። ሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ እሳት አብዛኛው ሙቀቱ ለግድግዳውና ለድመቷ ነው። ይህኛው ዙሪያውን በጭቃ የተዘጋ ስለሆነ የሚያሞቀው ድስቱን ነው። ደረቅ እንጨት ከተማገደበት ጭሱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ያችው ጥቂቷም በቱቦ አድርጋ በጓሮ በኩል ትወጣለች። በጓሮ በኩል የምትለዋን ያዙልኝ።

አሁን የኔታ ላቀውን ላስተዋውቃችሁ። በልጅነታቸው እዚያው ጋይንት ባለው የድጓ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ልሔም፣ ገብተው ድጓ የዘለቁ፣ ከዚያም ስንቱን አስተምረው ለአገልግሎት ያበቁ መነኩሴ ናቸው። ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ ተማሪዎቻቸውን ወደ ሌላ መምህር ሸኝተው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ባለች ጎጆ ብቻቸውን ይኖራሉ። ዓይናቸውን ያደከመው ግማሹ ዕድሜ፣ ግማሹ ብራና፣ የቀረው ጭስ ነው። ሒሳቡ እንደማይገጥም አውቃለሁ፤ እንዲህ የሚሉት ግን እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ጠዋት እሳት ሲያነዱ እንባቸው ጢማቸውን ያርሰዋል። የጤና ጣቢያው ባለሙያም ከጭሱ ካልራቁ የቀረችው ብርሃን እንደማትቆይላቸው ነግሯቸዋል። ይህን ስሰማ ምድጃው ሌላ ቤት ባይገባ እንኳ እዚህ ቤት መግባት አለበት አልኩ። እሳቸው ግን እንቢ አሉ።

«ልጄ፣ ፊቱን የማያሳይ እሳት ምኑ እሳት ነው?» አሉኝ። ሌላ ቀን ተመልሼ ሄድኩ። «ይህ የምትለው ነገር መቃብር ይመስላል። እኔስ መግባቴ አይቀርም፤ እሳቱ ምን በደለህና ነው?» አሉኝ። ከድጓ መምህር ጋር በቃል የሚከራከር ሰው ካለ ዕድሉን ይሞክር። እኔ ክርክሩን ትቼ «የኔታ፣ ዓይንዎ ድጓዎን እንዲያይልዎት ብዬ ነው እንጂ» አልኩ። መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ከቆዩ በኋላ «በል ሥራው» አሉኝ።

ሠራሁት። ቱቦው ውስጥ ጭቃ እንዳይገባ በገለባ ወተፍኩት፤ ግድግዳውን ለቀለቅኩ፤ ጭቃው እስኪደርቅ ድረስ በጉልቻው እንዲጠቀሙ፣ ሲደርቅ ጉልቻውን አውጥተው በአዲሱ እንዲጀምሩ ነግሬያቸው ተመለስኩ።

ከዚያ ከዞን ጎብኚዎች ይመጣሉ ተባለ። ጎብኚ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ሞዴል የሚባል ቤት ይፈለጋል። የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ አቶ ጌታሁን «የኔታ ቤት ይሁን» አሉ። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ሜዳው ውርጭ ለብሷል፤ ገበሬው አውድማ ላይ ገብሱን እየወቃ ነው። መኪናው መንገዱ የሚያልቅበት ድረስ ወሰደን። ከዞን የመጡት ሰውዬ የከተማ ጫማ አድርገው ስለነበር አቶ ጌታሁን እሳቸውን እየደገፉ ወደኋላ ቀሩ፤ እኔ ቤቱን ለማዘጋጀት ቀድሜ ቁልቁል ወረድኩ።

ግማሽ መንገድ ላይ ጥሩምባ ሰማሁ።

በእኛ አገር ጥሩምባ በጠዋት ለደስታ አይነፋም። ቆም ብዬ ሳዳምጥ ኡኡታው ከሥር መጣ። ወዲያው አንድ ጎልማሳ ዶማ ተሸክሞ፣ ገለባው ከፀጉሩ ላይ ሳይራገፍ፣ እየሮጠ አጠገቤ ደረሰ።

«ምን ተፈጠረ?» አልኩት።

«የኔታ አረፉ!»

«የትኛው የኔታ?»

«የኔታ ላቀው ናቸዋ! አዲሱ ምድጃ ነው አሉ፤ አፍኗቸው ነው አሉ።» ይህን ብሎኝ አልፎኝ ሄደ።

ሰው በምድጃ ይታፈናል? አዎ፣ ይታፈናል፤ ይህን በሥልጠና ተምሬያለሁ። የተዘጋ እሳት መውጫ ካጣ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው በዝምታ ይጨርሰዋል። ቱቦውን የወተፍኩበት ገለባ ትዝ አለኝ። አውጥቼዋለሁ? በእጄ ስቤ ጓሮ የጣልኩት ይመስለኛል። ወይስ ያ የሌላ ሰው ቤት ነው? ያን ሰሞን በየቀበሌው ስንት ቤት ገብቻለሁ! ቁልቁለቱን እየሮጥኩ «አውጥቼዋለሁ» እላለሁ፤ ትንሽ ሄድ ብዬ «አላወጣሁትም» እላለሁ። እኚህን ሰው ለምኜ፣ አባብዬ፣ በዓይናቸው አስፈራርቼ ገደልኳቸው አልኩ። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

በኋላ እንደተረዳሁት ነገሩን የጀመረችው ወይዘሮ ይመኙሻል ናት። ቀጭን ሸለቆ ብቻ የሚለያት የየኔታ የማዶ ጎረቤት ናት። ማለዳ ወጥታ ጣራቸውን ብታይ ጭስ የለም። ላሟን አልባ ስትወጣ የለም። በረቱን ጠርጋ ስትመለስም የለም። «የኔታ!» ብላ ተጣራች፤ መልስ የለም። ያኔ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ «የኔታ ቤት ጭስ የለም!» ብላ ጮኸች። ጩኸቱን የሰማው ለሚቀጥለው ጉብታ አቀበለ፤ ያኛው ለሌላው አቀበለ፤ ጭስ የለም ማለት ደግሞ በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። አውድማው ባዶ ሆነ።

ስደርስ ግቢው ሞልቷል። ሴቶች ደረታቸውን ይመታሉ፤ ወንዶች ዶማና አካፋቸውን ተደግፈው አንገታቸውን ደፍተዋል። በሩ ዝግ ነው። የመነኩሴ ቤት ስለሆነ ቄሱ ሳይመጡ ደፍሮ የሚገባ የለም፤ ሰው ተልኮባቸዋል። እኔ ወደ ጓሮ ዞሬ ቱቦውን ማየት ነበረብኝ። አልቻልኩም። ከሰዉ ኋላ ቆሜ አለቀስኩ፤ እንደ ሰው ልቅሶም አልነበረም።

ትከሻዬ ላይ እጅ አረፈ። «ልጄ፣ አይዞህ» አለኝ አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ። «ማን ነው ያረፈው?»

«የኔታ» አልኩ ሳልዞር።

«የትኛው የኔታ?»

«የኔታ ላቀው።»

እጁ ከትከሻዬ ላይ ተነሳ። «እኔ?» አለ ሰውየው።

ዞርኩ። የኔታ ላቀው ዳዊታቸውን በብብታቸው ይዘው፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆመዋል። ምናልባት እኔም ጮኼያለሁ። ወይዘሮ ይመኙሻል ዞር ስትል አየቻቸውና ሙሾዋን ከመሃል ቆርጣ እልልታ ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። አንድ ሰው ዶማውን ከጀርባው ደበቀ። ሁላችንም ጉልበታቸውን ለመሳም ተጋፋን። ነፍሴ መለስ ስትል ይሰማኝ ነበር፤ ከእግሬ ጀምራ ነው የመጣችው።

የኔታ ግን ሌላ ነገር አሳስቧቸዋል። «ፍትሐቱን ማን ሊመራው ነበር?» ብለው ጠየቁ። አንዱ አንዱን ጠቆመ። «ይኸው! እኔ ሳልኖር ዜማውን ልታበላሹት ነበር።»

ለካስ ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ጭቃው ደርቆላቸው ያን ዕለት ጠዋት በአዲሱ ምድጃ ባቄላ ጣዱ። ድሮ እሳቱ እንዳይጠፋ አጠገቡ ተቀምጠው እያነቡ እፍ ሲሉ ነበር የሚያረፍዱት። አሁን ቢያዩት እሳቱ ያለ እሳቸው ይነድዳል። ስለዚህ በሩን ዘግተው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለው ጥድ ሥር ዳዊታቸውን ሊደግሙ ሄዱ። ልቅሶ ሲሰሙ ደግሞ ሰው ናቸውና ሊያለቅሱ መጡ።

በሩ ሲከፈት ጠረኑ ደጅ ድረስ ወጣ። ንፍሮው በስሏል። ንፍሮ በለቅሶ ቤት እንደሚበላ ታውቃላችሁ። የኔታ ድስቱን አወጡና «ለተዝካሬ ሌላ ጊዜ ትመጣላችሁ» እያሉ በእጃቸው ዘገን ዘገን አድርገው አደሉን። እኔ ንፍሮውን እየበላሁ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ቱቦው ክፍት ነው፤ ገለባውም ከግድግዳው ሥር ወድቋል። ቁጭ ብዬ እፎይ አልኩ።

የዞኑ እንግዳ የደረሱት በእልልታው መሃል ነው። ላባቸውን እየጠረጉ ግቢ ሙሉ ሕዝብ ሲያዩ ፊታቸው በራ። «የኅብረተሰቡ ተሳትፎ እጅግ አስደሳች ነው» አሉ። አቶ ጌታሁን ወደ እኔ አዩ፤ እኔ ወደ ዶማዎቹ አየሁ።

እንግዳው ቢሄዱም የጭሱ ጉዳይ ግን አልተፈታም። ነገም ጭስ አይኖርም። አቶ ጌታሁን እንደ መንግሥት ሰው አሰቡና «የክትትል ኮሚቴ እናቋቁም» አሉ። ወይዘሮ ይመኙሻል «ጌታዬ፣ ኮሚቴው ተሰብስቦ እስኪጨርስ የኔታ ተቀብረው ያድራሉ። ውሃ የምቀዳበት ምንጭ በደጃቸው በኩል ነው፤ እኔ በሩን አንኳኳለሁ» አለች። ሌሎቹም «እኛም ወደ ማሳ ስንሄድ እናልፋለን» አሉ። ስብሰባው በዚሁ ተበተነ።

ከወራት በኋላ ምድጃው ምን ያህል እንጨት እንዳዳነ ለማየት ሄድኩ። የኔታ ዓይናቸው ጠርቷል፤ እንባው ቆሟል፤ ድጓቸውን ከፊታቸው ዘርግተዋል። ደስ አለኝ። የእንጨቱን ክምር ሳይ ግን ደነገጥኩ። ከጉልቻው ጊዜ ይልቅ ብዙ ነው የሚያነዱት።

«የኔታ፣ ምነው?»

«ምን ላድርግ? ሰው ጠዋት ጠዋት ሊያየኝ ይመጣል። ሻይ ሳላጠጣ ልመልሰው?»

ኃላፊዬን ምን እንደምላቸው ጨነቀኝ። «አቶ ጌታሁን፣ ቆጣቢው ምድጃ ማገዶ ጨመረ» ተብሎ ይነገራል? ይህኔ ወይዘሮ ይመኙሻል እንስራዋን አውርዳ ገባች፤ ከኋላዋም ሦስት ጎረቤቶች ተከተሉ። አንዱ እንጨት ይዟል፤ አንዷ ቂጣ። ጭንቀቴን ስነግራት ሳቀችብኝ። «እኛ ጠዋት ቤታችን እሳት መቼ እናነዳለን? እዚህ ጠጥተን አይደል ወደ ሥራ የምንሄደው!» አለች። ወጥቼ ማዶውን አየሁ። እውነቷን ነው፤ ከአራቱም ጣራ ጭስ አይወጣም። የአራት ቤት እሳት አንድ ቤት ገብቷል። ይህ በየትኛውም መመሪያ ላይ የለም፤ ክልልም፣ ዞንም፣ ወረዳም አላሰበውም። ሪፖርቱ ላይ ግን የወረዳው ጥረት ብዬ ጻፍኩት፤ እንግዲህ ጭቃውን ያቦካሁት እኔ አይደለሁ?

ከዚያ ወዲህ በየማክሰኞው «ለክትትል» እሄዳለሁ። ምኑን እንደምከታተል አትጠይቁኝ፤ ሻዩ ጥሩ ነው።

እኔ የምኖረው ከተማው ውስጥ በተከራየሁት ክፍል ነው። በኤሌክትሪክ ነው የማበስለው፤ ጭስ የለውም፤ ጣራዬን የሚያይም የለም። ባለፈው ሰሞን ጉንፋን ጣለኝና ማክሰኞ ቀረሁ። ረቡዕ ማለዳ ስልኬ ጮኸ። የወይዘሮ ይመኙሻል ቁጥር ነው፤ ድምፁ ግን የየኔታ ነው። ስልክ እንደማያምኑ ሰዎች ሁሉ ይጮኻሉ።

«ልጄ፣ አለህ?»

«አለሁ የኔታ፤ ጉንፋን ነው፤ ደህና ነኝ» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ከስልኩ ራቅ አለና አጠገባቸው ላለ ሰው ሲናገሩ ሰማኋቸው። «ደህና ነው። ሂዱና ጥሩምባ ነፊውን መልሱት።»

ተነስቼ ውሃ ጣድኩ።