አፍንጫው በልቷል?

ትንንሽ የፕላስቲክ አውሮፕላኖችን የሚገጣጥሙ ሰዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ፣ አንድም ነገር ሳይገጣጥም የሁሉን ሥራ የሚያርም ሰው አይጠፋም። እኛም የጃፓኗ ሺዙኦካ ከተማ ሰዎች አልተረሳንም፤ ሊቀ ሙጫ ሞቺዙኪ አሉን።

ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛው ነን። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ማክሰኞ ከሰዓት ወደ ማኅበራችን አዳራሽ ሲመጡ ጫማቸውን በር ላይ አስተካክለው ያኖሩና፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራሉ።

“የአውሮፕላኑን ክፍሎች በሳሙና አጥበዋል? ቅባቱ ካልለቀቀ ቀለም አይይዝም።”

“መጀመሪያ ያለ ሙጫ ይሞክሩት። ሙጫ እንደ ሐሜት ነው፤ ሲበዛ የነካውን ይበላል።”

ራሳቸው ግን ሙጫ ሲነኩ ያየ የለም። ለምን እንደሆነ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር፤ ለመጠየቅ ግን አፈርኩ።

የአውሮፕላን ሆድ ሊዘጋ ሲል ደግሞ ከየትም ብቅ ብለው፣ “አፍንጫው በልቷል?” ይላሉ። አፍንጫው ውስጥ ዓሣ አጥማጆች መንጠቆ የሚያሰምጡባቸው የእርሳስ ብረቶች ለክብደት ካልተጨመሩ፣ ባለ ሦስት እግሩ አውሮፕላን እንደ ውሻ በጭራው ይቀመጣል።

ከሁሉ የሚፈራው ግን “በእውነተኛው ላይ የለም!” የሚለው ቃላቸው ነው። አንድ ጊዜ የማኅበሩን ሊቀ መንበር ሳኖን፣ እውነተኛው አውሮፕላን የሌለውን አንዲት ሽቦ እንግዳ ፊት በወረንጦ አስነቅለውታል።

እኔ የምሠራው የባለቤቴን የቶሞጂን አውሮፕላን ነበር። አየር ማረፊያ ውስጥ የዚያ ዓይነት አውሮፕላን መካኒክ ነበር። “ጡረታ ስወጣ እገጣጥመዋለሁ” ብሎ ገዛው፤ ሳይደርስ ሞተ። ካርቶኑ ቁም ሣጥን ላይ አሥራ አንድ ዓመት ተቀመጠ። በማኅበራችን የግንቦት ትርኢት የሥራ ባልደረቦቹ ሊያዩት ይመጣሉ፤ በእግሩ ቆሞ እንዲያገኙት ፈለግሁ።

ሆዱን በምዘጋበት ቀን ሊቀ ሙጫ ውስጡ የቀባኋቸውን የተሳፋሪ ወንበሮች እያዩ አጠገቤ ነበሩ።

“ይህ የወንበር ሰማያዊ አይደለም፣ ወይዘሮ አማኖ። ይህ የበጋ ሰማይ ነው!”

“እሺ፣ መምህር።”

ስለ ሰማያዊ እየሰማሁ ዘጋሁት። እርሳሶቹ የሻይ ሰሃኔ ላይ ቀሩ።

የትርኢቱ ዕለት ጠዋት አውሮፕላኑን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ቀስ ብሎ አፍንጫውን አነሣና በጭራው ቁጭ አለ።

“አፍንጫው...” አሉ ሊቀ ሙጫ። ጆሯቸው ቀላ።

“አልበላም” አልኩ።

ልክፈተው ብል መስኮቶቹ ይሰነጠቃሉ። መካኒኮቹ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ይደርሳሉ። ሳኖ በአንድ ጣቱ አፍንጫውን ተጭኖ ቆመ። ሊቀ ሙጫ ወጡ። እኔም ሸሹ ብዬ አዘንኩ።

ሻይ ልቀዳ ወደ አዳራሹ ወጥ ቤት ስገባ፣ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሰው አገኘኋቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ቀኙን በግራው ጨብጠው፣ ሁለት ቀጫጭን የፕላስቲክ ዘንጎች ሊያጣብቁ ይታገላሉ። ድምፅ ሳላሰማ ተመለስኩ።

ትንሽ ቆይተው መጡና ከጭራው ሥር አንዲት ድጋፍ አስገቡ። ጠማማ ናት፤ ሙጫው ተዝረክርኮባታል፤ የጣታቸው አሻራ ሳይቀር ታትሞባታል። ሳኖ ጣቱን አነሣ። አውሮፕላኑ በሦስት እግሩ ቆመ።

“ሞቺዙኪ፣ ይህች በእውነተኛው ላይ አለች?” አለ ሳኖ።

“አለች!”

“ፎቶ አለህ?”

“ፎቶ ያልተነሣ ሁሉ የለም ማለት ነው?” አሉና እጃቸውን ወደ ኋላ መለሱ።

መካኒኮቹ መጡ። ከመካከላቸው አንዱ ሽማግሌ ወደ ድጋፏ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ፤ ከዚያ ሊቀ ሙጫን አዩ። “አዎ” አሉ፣ “ነበረች።”

ሳኖ በኋላ ቀጥ ያለች ሌላ ድጋፍ ልሥራልዎ አለኝ። እምቢ አልኩት። ቀጥ ያለችው በእውነተኛው ላይ የለችማ።