ጋሽ ይቀመጥና የሙዝ መንታዎቹ

ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚጥልና የተጣለውን የሚያነሳ። ሁለተኛው ወገን በየመሥሪያ ቤቱ ቢያንስ አንድ ተወካይ አያጣም። የኛው ተወካይ የሙዝ ዝርያ ማቆያ ክፍላችን ኃላፊ፣ ክቡር ጋሽ ይቀመጥ ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ የሠሩለት ግን ራሳቸው ናቸው። እጀታው የተሰበረ ኩባያ? "ይቀመጥ!" በሦስት እግር የቀረ ወንበር? "ይቀመጥ፤ ቀን ያወጣዋል።" ሞክረውት ወደቁ፤ ከዚያ ተሸክመውት ቤታቸው ገቡ።

ጠባችን የተጀመረው ቦታ ሲያልቅ ነው። በየብልቃጡ የሚያድጉት የሙዝ ቡቃያዎች መደርደሪያውን ሞልተውታል፤ በየእርሻው ደግሞ በሽታ ሳይጨርሳቸው መግባት ያለባቸው ዝርያዎች አሉ። የኔ ሥራ የዘረመል ምልክታቸውን ማንበብ ነው፤ በሁለት ስም የሚጠራ አንድ ሙዝ ሳገኝ አንዱ ይወጣል።

"ሁለቱ አንድ ናቸው ጋሼ፤ ይሄኛው ይጣል።"

"ከመንታ አንዱ ይጣላል እንዴ ልጄ? እናትሽ ብትሰማ ምን ትላለች?"

"ቦታ የለም!"

ፊታቸው ዳመነ። ብልቃጡን ኮታቸው ኪስ ከተው ወጡ። የሚወጣው ሁሉ እንዲሁ ጓሯቸው ገባ። ባለቤታቸው "ቤቱን ለሙዞቹ ለቀን ልንወጣ ነው!" ብለው ደውለው አማረሩልኝ።

በቀደም አዳዲስ ምልክቶች ጨምረን የድሮውን ናሙና ደግመን አነበብን። መንታ ያልናቸው ሙዞች ለካ መንታ አይደሉም። ያስወጣነው ካሉን ሙዞች ከአንዱም አይገጥምም፤ የመጣበትንም እርሻ በሽታው ጨርሶታል። ወደ ጋሼ ሄጄ ነገርኳቸው።

"አለ'ኮ! ጓሮ ነው ያለው፤ ያንን ባለ ሦስት እግር ወንበር አስደግፌዋለሁ።"

እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ይሄ እውቀት ሳይሆን አመል ነው። ጓሯቸውን እውነተኛ መንታዎችም ሞልተውታል። ቢሆንም በማግስቱ ከሥሩ የበቀለውን ቡቃያ በኮታቸው ጠቅልለው፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው ሲገቡ ሳይ እንዴት እንደወደድኳቸው!

"ወደ ብልቃጥ እስኪመለስ የት ይሁን? ቦታ የለም ትያለሽ መቼም።"

"አለ" አልኳቸው። መስኮቱ ሥር ያለውን ጠረጴዛዬን ጠራረግኩለትና የተበላሸች መብራቴን ቅርጫት ውስጥ ወረወርኳት። ጋሼ ጎንበስ ብለው አነሷት፤ አገላብጠው አዩዋት፤ ከዚያ ፈራ ተባ እያሉ ቀና ብለው አዩኝ።

"ትቀመጥ!" አልኩ ቀድሜያቸው።